የእንስት ክሬይፊሽ ግዝፈትና ርቢ፦ ስያሜ የሚቆጠረውን ነገር እንዲያመለክት

1. መነሻ

አንድ የሙያ ቃል ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ በሚመለስበት ጊዜ ተርጓሚው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይህ ቃል በአማርኛ ምን ይባላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቃሉ የልክ ወይም የቁጥር ስም በሆነ ጊዜ ብቻውን አይበቃም። ከእርሱ በፊት «በዚህ ቃል የሚቆጠረው ምንድን ነው? የትና መቼስ ይቆጠራል?» የሚለው መመለስ ይኖርበታል። ይህ ሳይደረግ የተመረጠ ስያሜ በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ሲታይ ያማረ ቢመስልም፣ ሥራ ላይ በዋለ ጊዜ ልዩ ልዩ ነገሮችን በአንድ ስም ጠቅልሎ አንባቢውን ያሳስታል።

ይህ ጽሑፍ ነገሩን በአንድ ምሳሌ ለማስረዳት ይሞክራል። ምሳሌውም በኩሬ የሚረባው የክሬይፊሽ እንስት የአካሏ መጠን ርቢዋን እንዴት እንደሚወስን የሚያጠናው የሥነ ሕይወት ክፍል ነው። ይህን ምሳሌ ለመምረጥ ሦስት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ በአፍሪካ አህጉር ዋና ምድር ላይ ከጥንት ጀምሮ የኖረ የክሬይፊሽ ዝርያ የለም፤ የራሷ ዝርያዎች ያሏት የማዳጋስካር ደሴት ብቻ ናት። ስለዚህ አማርኛ ለእንስሳው የወረሰው ስም ስለሌለው የስያሜ ሥራው ከመሠረቱ የሚጀመር ነው። ሁለተኛ፣ እንስሳው በሰው እጅ ወደ አህጉሩ ገብቷል። በጎረቤታችን በኬንያ በናይቫሻ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ዓ.ም. የተለቀቀው ቀይ የረግረግ ክሬይፊሽ በዚያው ተራብቶ የሐይቁን የውሃ ውስጥ ዕፀዋት እጅግ ጎድቷል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሌላ ዝርያ ወደ ዛምቢያ ውሃዎች ገብቶ ተስፋፍቷል። ስለ ውሃ ሀብት ጥበቃ የሚጻፉ ሰነዶች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ይህ እንስሳና የርቢው ቁጥሮች መምጣታቸው አይቀርም። ሦስተኛ፣ ለክሬይፊሽ የሚመረጡት ቃላት በአገራችን ሐይቆችና ኩሬዎች ውስጥ ለሚገኘው ለቆሮሶም የሚያገለግሉ ናቸው፤ የቆሮሶ እንስትም እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ የምታሳድግ በመሆኗ በብዙ ረገድ ተመሳሳይ ችግር ታስነሣለች።

2. ስለ እንስሳው ስም

ክሬይፊሽ አምስት ጥንድ የደረት እግሮች ያሉት፣ የፊተኛው ጥንድ እግሩ ወደ መቆንጠጫነት የተለወጠ፣ አካሉ በጠንካራ ልባስ የተሸፈነ፣ ጨው በሌለበት ውሃ የሚኖር እንስሳ ነው። ቅርብ ዘመዶቹ በባሕር የሚኖረው ሎብስተር፣ ራቅ ብለውም ሽሪምፕና ሸርጣን ናቸው።

የእንግሊዝኛው ስም ተርጓሚውን ያታልላል። ቃሉ ዛሬ ፈረንሳዮች «ኤክረቪስ» ከሚሉት ጥንታዊ የፈረንሳይኛ ቃል የተወሰደ ሲሆን፣ የመጨረሻው ክፍል በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ጆሮ «ፊሽ»፣ ማለትም «ዓሣ»፣ ከሚለው ቃል ጋር ስለተመሳሰለ በዚያው መልክ ጸንቶ ቀርቷል። ስለዚህ «ክሬይ ዓሣ» ብሎ መተርጎም የሌላ ሕዝብ ጆሮ የፈጠረውን ስሕተት በአማርኛ ማጽደቅ ይሆናል። ዐረቦች «የወንዝ አንበጣ» በሚል ምሳሌያዊ ስም ይጠሩታል። «የወንዝ ሸርጣን» እንበለው የሚል ሐሳብ ቢቀርብ ደግሞ፣ በአገራችን ወንዞችና ሐይቆች የሚኖሩ እውነተኛ ሸርጣኖች ስላሉ የስሙ ባለቤቶች እነርሱ ናቸው። እንግዲህ እንግዳው እንስሳ በእንግዳ ስሙ «ክሬይፊሽ» ቢባልና በመዝገበ ቃላት ውስጥ «ዓሣ አይደለም» የሚል ማብራሪያ ቢታከልበት የተሻለ ነው።

የመኖሪያውም ስም ጥንቃቄ ይጠይቃል። «ንጹሕ ውሃ» ቢባል የደፈረሰውን የረግረግ ውሃ አይገልጽም፤ ቀይ የረግረግ ክሬይፊሽ ደግሞ በደፈረሰ ውሃና በጭቃ ውስጥ መኖር የሚችል ነው። «ጣፋጭ ውሃ» ቢባል ስኳር የተጨመረበት ያስመስለዋል። «ጨው አልባ ውሃ» ግን የሚያመለክተው በመጠጥ ዘንድ ያለውን ጥራት ሳይሆን የጨውን ማነስ ስለሆነ ከጉዳዩ ጋር ይስማማል።

በእርባታ ከታወቁት ዝርያዎች ሦስቱን እንጠቅሳለን። የመጀመሪያው የሰሜን አውስትራልያና የፓፑዋ ኒው ጊኒ ተወላጅ የሆነው ባለቀይ መቆንጠጫው ክሬይፊሽ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙም ቼራክስ ኳድሪካሪናቱስ ይባላል። ሁለተኛው በደቡብ ዩናይትድ ስቴትስና በሰሜን ምሥራቅ ሜክሲኮ የተገኘው፣ በሉዊዚያና ከሩዝ ጋር እየተፈራረቀ የሚረባውና በቻይና እጅግ የተስፋፋው ቀይ የረግረግ ክሬይፊሽ፣ ፕሮካምባሩስ ክላርኪ፣ ነው። ሦስተኛው ከምዕራብ ሰሜን አሜሪካ ወደ አውሮፓ የተወሰደው ፓሲፋስታኩስ ሌኒዩስኩሉስ ነው። በመጀመሪያው ዝርያ ስም ውስጥ ያለው «ቀይ» በበሰለ ተባዕት መቆንጠጫ ውጫዊ ጠርዝ ላይ የሚታየውን ቀይ ምልክት እንጂ እንስቲቱን እንደማይመለከት ተርጓሚው ልብ ሊል ይገባል። የጾታው አስተማማኝ መለያ የመራቢያ ቀዳዳ ያለበት ቦታ ነው፤ ይኸውም በእንስቲቱ ከሦስተኛው፣ በተባዕቱ ከአምስተኛው ጥንድ የደረት እግር ሥር ይገኛል።

3. ግዝፈት ርቢን የሚወስንበት መንገድ

ቃላቱን ከመመርመራችን በፊት ነገሩን በአጭሩ እንይ። በባለቀይ መቆንጠጫው ዝርያ ተባዕቱ የዘር ፈሳሹን ከረጢት በእንስቲቱ ደረት ሥር በእግሮቿ መካከል ያኖራል። እንስቲቱም በአንድ ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ የኋላ አካሏን ወደ ታች አጥፋ እንደ አቁማዳ ታደርገዋለች፤ እንቁላሎቿም ከአካሏ ወጥተው በዚያ ሥፍራ ከዘሩ ጋር ይገናኛሉ። ከዚያም በሚያጣብቅ ፈሳሽ አማካይነት በኋላ አካሏ ሥር ባሉት ትናንሽ እግሮች ጠጉር ላይ ይጣበቃሉ። እስኪፈለፈሉም ድረስ እነዚያን እግሮች እያወዛወዘች ንጹሕ አየር ያለበት ውሃ ታደርስላቸዋለች፤ የሞቱትንም ታስወግዳለች።

ባለቀይ መቆንጠጫዋ እንስት በአንድ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ300 እስከ 800 እንቁላሎች ስትይዝ፣ እንደ ውሃው ሙቀት ከ6 እስከ 10 ሳምንት ታቅፋቸዋለች። ግዙፍ የሆነች ቀይ የረግረግ ክሬይፊሽ ከ500 በላይ ልትይዝ ትችላለች፤ ውሃው 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲሆን በሦስት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላሉ። ፓሲፋስታኩስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 400 እንቁላሎች በመጸው ተቀብላ ክረምቱን ሁሉ ይዛ ትቆያለች።

በአንድ ዝርያ ውስጥ ከሆነ፣ ገዘፍ ያለችው እንስት ከአነስተኛዋ ይልቅ ብዙ እንቁላል መያዟ በየዝርያው የታየ እውነት ነው። ምክንያቶቹም ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የቦታ ነው፤ እንቁላል የሚያመነጨው ዕጢ በጀርባ ልባሷ ሥር ስለሚገኝ የልባሱ ስፋት የዕጢውን መጠን ይወስናል። ሁለተኛው የስንቅ ነው፤ የእንቁላሉ አስኳል የሚሠራው እንስቲቱ በአካሏ ካከማቸችው ምግብ ነው። ሦስተኛው የማቀፊያው ስፋት ነው፤ እንስቲቱ ስትበስል የኋላ አካሏ ወደ ጎን ይሰፋል፣ እንቁላል የሚጣበቅባቸው እግሮችም በዚያው መጠን ያድጋሉ። የአንድ እንቁላል መጠን ግን የቁጥሩን ያህል ከእናቲቱ ግዝፈት ጋር አያድግም። ስለዚህ በእናቲቱ መግዘፍ በይበልጥ የሚለወጠው የእንቁላሎቹ ቁጥር እንጂ የእያንዳንዳቸው መጠን አይደለም።

4. «ትልቅ» በቂ ቃል አለመሆኑ

ከላይ ያለውን ዐረፍተ ነገር «ትልቋ እናት ብዙ እንቁላል ትይዛለች» ብለን ብንጽፈው አማርኛው የቀና ነው፤ ሐሳቡ ግን ሁለት ሆኗል። በአማርኛ «ትልቅ» የአካልን ስፋት ብቻ ሳይሆን የዕድሜን ብልጫም ይናገራል። «ትልቅ እህቴ» ስንል በቁመት የምትበልጠኝን ማለታችን አይደለም፤ «ትልቅ ሰው» ስንልም ዕድሜና ክብር ያለውን ማለታችን ነው። በተለይ «እናት» ከሚለው ቃል ጋር ሲጣመር የዕድሜው ትርጉም ይበረታል።

በክሬይፊሽ ግን ዕድሜና መጠን የግድ አብረው አይሄዱም። እንስሳው የሚያድገው አሮጌውን ልባስ እየጣለ በአዲስ እየተካ ሲሆን፣ የሚያድግበትም ፍጥነት እንደ ምግቡ፣ እንደ ውሃው ሙቀትና እንደ ኩሬው መጨናነቅ ይለያያል። ከአንድ እናት በአንድ ቀን የተፈለፈሉ ሁለት እህትማማቾች በልዩ ልዩ ኩሬ ቢያድጉ አንደኛዋ የሌላዋን ብዙ ጊዜ ልትመዝን ትችላለች። ከዚህም በላይ ታቃፊ የሆነች እንስት ልባሷን አትጥልም፤ ብትጥል እንቁላሎቹ ከልባሱ ጋር ይሄዳሉና። ልባሷን ካልጣለች አታድግም። ስለዚህ ገና በትንሽነቷ መራባት የጀመረች እንስት በዕድሜ ብትገፋም አነስተኛ ሆና ልትቀር ትችላለች።

በመሆኑም «ግዝፈት» የሚለውን ስያሜ እንመርጣለን። ቃሉ ከግዕዝ «ገዘፈ» የወጣ ሲሆን በሊቃውንቱ ትምህርት «ግዙፍ» የሚባለው የ«ረቂቅ» ተቃራኒ፣ አካል ያለውና የሚዳሰሰው ነው። ዕድሜን ፈጽሞ አይናገርም። «ግዙፍ» በዛሬው አነጋገር «እጅግ ትልቅ» የሚል ስሜት እንዳለው አይካድም፤ ሆኖም «ቁመት» ለረጅሙም ለአጭሩም እንደሚያገለግል ሁሉ «ግዝፈት» የሚለው ስም ለትልቁም ለትንሹም ልክ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል።

ይህም ቢሆን የልኩ ዓይነት ሳይገለጽ መታለፍ የለበትም። ግዝፈት በሦስት መንገድ ይለካል፤ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጭራው ጫፍ በሚደርሰው ሙሉ ርዝመት፣ በጀርባ ልባስ ርዝመት፣ ወይም በክብደት። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። መልካቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት እንስቶች አንደኛዋ 8፣ ሁለተኛዋ 10 ሳንቲ ሜትር ቢረዝሙ፣ በርዝመት የሁለተኛዋ ብልጫ አንድ አራተኛ ብቻ ነው። ነገር ግን ክብደት የሚያድገው በርዝመት፣ በስፋትና በቁመት በአንድነት ስለሆነ 1.25 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1.95 ይመጣል፤ ማለትም ክብደቷ የመጀመሪያዋን ሁለት ጊዜ ያህል ይሆናል። የእንቁላሉ ቁጥር ከክብደቱ ጋር የሚሄድ ከሆነ በርዝመት ጥቂት የሚመስለው ብልጫ በእንቁላል ብዙ ነው። ምንጩ «ርዝመት» ያለውን «መጠን» ብሎ፣ «ክብደት» ያለውንም «መጠን» ብሎ የሚተረጉም ሰው ይህን ሁሉ ከአንባቢው ይሰውራል።

እዚህ ላይ «እጥፍ» የሚለውም ቃል ይታሰብበት። «በሁለት እጥፍ ጨመረ» ሲባል ከፊሉ አንባቢ አንድ የነበረው ሁለት ሆነ ብሎ፣ ከፊሉ ደግሞ በአንዱ ላይ ሁለት ተጨምሮ ሦስት ሆነ ብሎ ይረዳል። በሙያ ጽሑፍ «የመጀመሪያውን ሁለት ጊዜ ያህል ሆነ» ማለት ይህን ጥርጣሬ ያስወግዳል።

5. «ፈከንዲቲ» ምን ይቆጥራል?

የጉዳዩ ማዕከል «ፈከንዲቲ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ይህ ቃል ከአቻው ከ«ፈርቲሊቲ» ጋር ሲነጻጸር ለተርጓሚ ወጥመድ አለበት። በእንግሊዝኛ የሥነ ሕዝብ ጽሑፍ «ፈከንዲቲ» የመውለድን ችሎታ፣ «ፈርቲሊቲ» በእርግጥ የተወለደውን ያመለክታሉ። በፈረንሳይኛ የሥነ ሕዝብ ጽሑፍ ግን «ፌኮንዲቴ» በእርግጥ የተወለደውን፣ «ፈርቲሊቴ» ችሎታውን ስለሚናገሩ ፍቺያቸው የተገላበጠ ነው። በእንስሳት ሥነ ሕይወት ደግሞ «ፈከንዲቲ» ከችሎታ ይልቅ የእንቁላልን ቁጥር የሚያመለክትበት ጊዜ ብዙ ነው። ከሁለቱ ቋንቋዎች የሚተረጉሙ ሁለት ባለሙያዎች በየፊናቸው ቃል ለቃል ቢመልሱ አንዱ የገነባውን ሌላው ያፈርሰዋል።

በአማርኛ ለዚህ ቃል በቅድሚያ የሚታሰቡት «ለምነት»፣ «ወላድነት» እና «ፍሬያማነት» ናቸው። «ለምነት» የመሬት ነው። «ወላድነት» እንቁላል ጣይ ለሆነ እንስሳ አይስማማም። «ፍሬያማነት» ሰፊ ከመሆኑ የተነሣ ለሥራ መሳካትም ይነገራል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጉድለታቸው ግን የሰዋስው ነው፤ ሦስቱም በ«-ነት» የተመሠረቱ የጠባይ ስሞች ናቸው። የጠባይ ስም ደግሞ ቁጥርን አይሸከምም። «የዚች እንስት ፍሬያማነት 400 ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ሰዋስው ቅርጽ ቢኖረውም ትርጉም አይሰጥም፤ አራት መቶ ምን? ተብሎ ይጠየቃልና። ስያሜው ቁጥርን የሚሸከም እንዲሆን ከተፈለገ ራሱ «ቁጥር» የሚለው ስም መሪ ቃል ሊሆን፣ ገላጩም የሚቆጠረውን ሊናገር ይገባል።

የሚቆጠረውስ ምንድን ነው? ተመራማሪዎች በሦስት ልዩ ልዩ ደረጃዎች ይቆጥራሉ። በመጀመሪያ፣ እንስቲቱ ተከፍታ በዕጢዋ ውስጥ የበሰሉት እንቁላሎች ይቆጠራሉ። ቀጥሎ፣ ወጥተው በኋላ አካሏ ሥር የተጣበቁት ይቆጠራሉ። በመጨረሻም፣ ተፈልፍለው ከእናታቸው የተለዩት ጫጩቶች ይቆጠራሉ። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሲታለፍ ቁጥሩ ይቀንሳል። ከዕጢው ሁሉም አይወጣም፤ ከወጣውም ሁሉ አይጣበቅም፤ ከተጣበቀውም ዘር ያላገኘ፣ ሻጋታ የያዘው፣ በእናቲቱ መገላበጥ ወይም በሰው እጅ የረገፈ ይኖራል። በአንዲት እንስት ላይ የተገኙት ሦስቱ ቁጥሮች የተለያዩ ሲሆኑ ሦስቱም «ፈከንዲቲ» ሊባሉ ይችላሉ፤ ምንጩ የሚለያቸው በቅጽል ብቻ ነው።

ለሦስቱ ደረጃዎች «እምቅ ቁጥር»፣ «እቅፍ ቁጥር» እና «ፍልፍል ቁጥር» የሚሉ ስያሜዎች ቀርበዋል። ሦስቱም በአንድ የቃል ቅርጽ የተመሠረቱና ሥራው የተፈጸመበትን ነገር የሚያሳዩ ስለሆኑ ቤተሰብነታቸው በጆሮ ይታወቃል። «እምቅ» ታምቆ በውስጥ ያለ ማለት ነው፤ በፊዚክስም «እምቅ ጉልበት» በሚለው ስያሜ ገና ሥራ ላይ ላልዋለው ኃይል ስለገባ የለመደ ነው። «እቅፍ» ከ«አቀፈ» የወጣ ነው። ዶሮ እንቁላሎቿ ላይ ስትተኛ «ታቀፈች» እንላለን፤ ክሬይፊሽም ከአካሏ ውጭ ያሉትን እንቁላሎች ይዛ ስለምትጠብቅ ቃሉ ያለ ችግር ይወርስላታል። እንግሊዞች እንዲህ ያለችውን እንስት እንቁላሎቿ የፍሬ ዘለላ ስለሚመስሉ «ፍሬ ያፈራች» በሚያሰኝ ቃል ይጠሯታል፤ እኛ ግን ከዶሮዋ የተማርነው «ታቃፊ» ስላለን የእነርሱን ምሳሌ መበደር አያስፈልገንም። «ፍልፍል» ከ«ተፈለፈለ» የመጣ ነው። ከዐለት ለተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናትም የሚነገር ቢሆንም ከ«ቁጥር» ጋር ሲጣመር የሚያምታታ አይሆንም።

ከዚህ ጋር ሁለት ተጨማሪ ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። አንደኛው «በስንት ጊዜ ውስጥ?» የሚለው ነው። ፓሲፋስታኩስ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስትታቀፍ፣ ባለቀይ መቆንጠጫዋ በሞቃት ውሃ በአንድ የርቢ ወቅት ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ልትታቀፍ ትችላለች። ስለዚህ ቁጥሩ የአንድ «እቅፍ ዙር» ወይም የዓመት መሆኑ ይገለጽ። ሁለተኛው «በምን ተካፍሎ?» የሚለው ነው። አንዳንዱ ጽሑፍ በአንዲት እንስት፣ አንዳንዱ በአንድ ግራም የእንስት ክብደት ይቆጥራል። ለማስረዳት ያህል፣ 80 ግራም የምትመዝን አንዲት እንስት 600 እንቁላሎች፣ 40 ግራም የሚመዝኑ ሁለት እንስቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው 350 እንቁላሎች ይዘዋል እንበል። በአንዲት እንስት ሲቆጠር ግዙፏ ትበልጣለች፤ በግራም ሲቆጠር ግን የግዙፏ 7.5፣ የአነስተኞቹ 8.75 ስለሚሆን አነስተኞቹ ይበልጣሉ። የሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች መደምደሚያ ተቃራኒ ቢመስልም ሁለቱም እውነት ናቸው። እንግሊዝኛው «አብሶሉት» እና «ሬላቲቭ» ብሎ የሚለያቸውን «ፍጹም» እና «አንጻራዊ» ብለን ብንመልስ «ፍጹም» ያልተፈለገ የምስጋና ስሜት ያመጣል፤ «በእንስት» እና «በግራም» ብንል ግን ሁሉም ግልጥ ይሆናል።

6. ጥንቃቄ የሚሹ ሌሎች ቃላት

ሀ) «ሆድ»። በትምህርት ቤት የነፍሳት አካል «ራስ፣ ደረት፣ ሆድ» ተብሎ ስለሚከፈል የክሬይፊሽንም የኋላ ክፍል «ሆድ» የማለት ዝንባሌ አለ። «እንቁላሎቹ በሆዷ ናቸው» ሲባል ግን አማርኛ ተናጋሪ እንደ ፅንስ በውስጧ ያሉ አድርጎ ይረዳል፤ በዚህም እምቅና እቅፍ የተባሉት ሁለት ቁጥሮች ይቀላቀላሉ። «የኋላ አካል» ቢባልና «ከኋላ አካሏ ሥር» ተብሎ ቢጻፍ ስሕተቱ ይቀራል።

ለ) «ዋና እግር»። እንቁላል የሚጣበቅባቸው ትናንሽ እግሮች በብዙ ቋንቋዎች ከመዋኘት ጋር የተያያዘ ስም አላቸው። ይሁን እንጂ «ዋና» በአማርኛ «ተቀዳሚ» ማለትም ስለሆነ «ዋና እግር» የተባለው ትልቁ የመራመጃ እግር ሊመስል ይችላል። «መዋኛ እግር» የሚለው የተሻለ ነው።

ሐ) «እጭ»። ብዙ የባሕር ዘመዶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ እናታቸውን በማይመስል የእጭ ደረጃ ያልፋሉ። የክሬይፊሽ ልጅ ግን በመልኩ እናቱን መስሎ ይፈለፈላል፤ ልባሱን ጥቂት ጊዜ እስኪጥልም ድረስ በእናቱ መዋኛ እግሮች ላይ ተጣብቆ ይቆያል። ስለዚህ «እጭ» ማለት ስሕተት ነው፤ «ጫጩት» ይበቃል።

መ) «ቅርፊት»። ቃሉ ለዛፍም ለእንቁላልም ይነገራል፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ስለሚበሉና ስለማይበሉ የውሃ እንስሳት በተጻፈው ሕግ ደግሞ የዓሣ መለያ ሆኖ ይገኛል። ክሬይፊሽን «ባለ ቅርፊት» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ ሳያስበው በዚያ ሕግ ከተፈቀዱት ወገን ሊመድበው ነው። «ልባስ» ከዚህ ነጻ ነው፤ «ልባስ ጣለ» የሚለውም ልብሱን እንደሚለውጥ ሰው ስለሚያሳይ ለመረዳት ይቀላል።

ሠ) «ርቢ»፣ «እርባታ» እና «ተዋልዶ»። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ከአንድ ሥር «ረባ» የወጡ ሲሆን፣ ሰዋስው ያጠኑ ሁሉ «ርባ ግስ» በሚለው ስያሜ ያውቁታል። «ርቢ» የእንስሳው የራሱ ሥራ፣ «እርባታ» የሰው ሥራ እንዲሆን መለየት ይጠቅማል። «ተዋልዶ» መውለድን ስለሚያሳስብ ለሰውና ለአጥቢ እንስሳት ቢቆይ ይመረጣል።

7. የስያሜ ስሕተት በኩሬ ዳር

ይህ ሁሉ መለያየት ለቃላት ሊቃውንት ብቻ የሚጠቅም እንዳልሆነ ከእርባታው ሥራ መረዳት ይቻላል። አርቢው ኩሬውን ባጠመደ ቁጥር ጥሩ ዋጋ የሚያወጡትን ግዙፎች እየሸጠ፣ ሳይሸጡ የቀሩትን አነስተኞች ለዘር ቢያስቀር፣ ሳያውቀው ቀስ ብለው ለሚያድጉትና በትንሽነታቸው መራባት ለሚጀምሩት እያደላ ይሄዳል። ከትውልድ ወደ ትውልድም ኩሬው ታቃፊዎች የበዙበት፣ ለገበያ የሚበቃ ግን የታጣበት ሊሆን ይችላል። ቆሮሶም በተጨናነቀ ኩሬ ውስጥ ገና በአነስተኛነቱ እየተራባ መቀንጨሩ በዓሣ አርቢዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ስለዚህ የመመሪያ መጽሐፍት ከአንድ ትውልድ መካከል በፍጥነት የገዘፉትን እንስቶች ለዘር ማስቀረትን ይመክራሉ። ይህ ምክር «ትልልቅ እናቶችን አስቀር» ተብሎ ቢተረጎም አርቢው ያረጁትን ሊያስቀር ይችላል፤ የታሰበው ግን ከእኩዮቻቸው ፈጥነው የገዘፉትን ነበር።

በውሃ ሀብት ጥበቃም ረገድ እንዲሁ ነው። አንዲት ታቃፊ እንስት ወደ አዲስ ውሃ ብትገባ ተባዕት አብሯት ባይገባም በእቅፏ ያሉት በመቶ የሚቆጠሩ እንቁላሎች አዲስ መንጋ ሊመሠርቱ ይችላሉ። አደጋውን የሚገምት ባለሙያ የቀረበለት ቁጥር እምቅ፣ እቅፍ ወይም ፍልፍል መሆኑን ካላወቀ ግምቱ ከመጠን ያለፈ ወይም ያነሰ ይሆናል። «እንቁላል ያፈራች» የሚል ትርጉም የደረሰው የኬላ ጠባቂም ምን እንደሚፈልግ አያውቅም፤ «ታቃፊ» ከተባለ ግን እንስሳዋን ገልብጦ ከኋላ አካሏ ሥር መመልከት እንዳለበት ስያሜው ራሱ ይነግረዋል።

8. የቀረቡት ስያሜዎችና ፍቺያቸው

ግዝፈት (ስም)፦ የአንድ እንስሳ የአካል ልክ፤ በርዝመት ወይም በክብደት የሚገለጽ፤ ዕድሜን የማይመለከት።

ልባስ (ስም)፦ የክሬይፊሽንና የመሰሎቹን አካል ከውጭ የሚሸፍን ጠንካራ ሽፋን። የጀርባ ልባስ፦ ራስንና ደረትን በአንድነት የሚሸፍነው ክፍል።

ልባስ መጣል (ስም)፦ ለማደግ ሲባል አሮጌውን ልባስ በአዲስ መተካት።

መዋኛ እግር (ስም)፦ ከኋላ አካል ሥር ካሉት ትናንሽ እግሮች አንዱ፤ በእንስቲቱ እንቁላል የሚጣበቅበት።

ታቃፊ (ቅጽል)፦ እንቁላሎቿን ከኋላ አካሏ ሥር ይዛ የምትገኝ እንስት፤ በአፏ ለምትይዝ የቆሮሶ እንስትም ይሆናል።

እቅፍ ዙር (ስም)፦ እንቁላል ከተያዘበት ጊዜ አንሥቶ ጫጩቶች ከእናታቸው እስኪለዩ ያለው አንድ ጊዜ።

እምቅ ቁጥር (ስም)፦ በእንስቲቱ ዕጢ ውስጥ የበሰሉ እንቁላሎች ብዛት።

እቅፍ ቁጥር (ስም)፦ በመዋኛ እግሮች ላይ የተጣበቁ እንቁላሎች ብዛት።

ፍልፍል ቁጥር (ስም)፦ ተፈልፍለው ከእናታቸው የተለዩ ጫጩቶች ብዛት።

በእነዚህ ስያሜዎች የሚሠራ ተርጓሚ ምንጩ ዝም ብሎ «ፈከንዲቲ» ባለበት ቦታ ሁሉ ወደ ጥናቱ የአሠራር ክፍል ተመልሶ እንቁላሉ የት እንደተቆጠረ ማየት ይገደዳል። ይህ ድካም ይጨምርበታል፤ ነገር ግን ድካሙን ተርጓሚው ካልተሸከመው የሚሸከመው አንባቢው ነው፤ አንባቢው ደግሞ ምንጩ በእጁ ስለሌለ ስሕተቱን ማረም አይችልም።